የእንጨት መርከብ ሞዴል መሥራት ለጀማሪዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤታችን የሚመጣ እንግዳ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ትንንሽ ጀልባዎች ሲያይ መጀመሪያ ጠጋ ብሎ ዝም ይላል፤ ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። በቡና ሰዓት፣ በስልክ፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጅ ላይ ቆመን ስመልሳቸው የኖርኳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምትጀምሩም የማውቀውን ጨምሬያለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በሕይወቴ መጋዝ ይዤ አላውቅም። እችለዋለሁ?

ትችሉታላችሁ። አብዛኛው እንጨት ከክብሪት ዘንግ ብዙም የማይወፍር ስለሆነ ጉልበት አይጠይቅም። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት የሚችል እጅ፣ ኮላው እስኪደርቅ የሚታገሥ ልብ ይበቃል። ከማውቃቸው ጎበዝ ሠሪዎች አንዷ ልብስ ሰፊ ናት። አናጢዎች ብዙ ቀን የሚቸገሩበትን የሳንቃ ማጥበብ ነገር እሷ በአንድ ምሽት ነው የገባት፤ ቀሚስ ወገብ ላይ ለምን እንደሚጠብ ድሮም ታውቃለች።

የትኛውን መርከብ ልጀምር?

ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ሥራውን የሚተወው እዚህ ላይ በሚሠራው ስህተት ነውና።

እኔ የጀመርኩት ሦስት ደቀል (ሸራ የሚሰቀልበት ምሰሶ) ባለው፣ መድፍ በተደረደረበት ትልቅ መርከብ ነበር። የሳጥኑ ሥዕል ማርኮኝ ገዛሁት። አጽሙን አቆምኩ፣ ሳንቃ ማልበስ ጀመርኩ፣ አፍንጫው ጋ ስደርስ ሳንቃዎቹ እርስ በርስ እየተጣሉ ተነሡብኝ። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ የሚያሳየኝም ሰው አልነበረም። መርከቡ በጨርቅ ተሸፍኖ ሁለት ዓመት ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ባየሁት ቁጥር ቅር ይለኝ ነበር። ወደ ሥራው የመለሰኝ ከአንድ ስንዝር ብዙም የማይበልጥ ጀልባ ነው።

ስለዚህ መልሴ አንድ ነው፦ ደቀል በሌለው፣ ላዩ በወለል ባልተደፈነ ትንሽ ጀልባ ጀምሩ፤ ጨርሱትም። የምመክረው ዶሪ የሚባለውን የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ነው። ሞዴል ሺፕዌይስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለጀማሪ ካዘጋጃቸው ሦስት ጀልባዎች የመጀመሪያው ይኸው ነው፤ ስኬሉ (ከእውነተኛው አንጻር ያለው መጠን) 1:24 ነው። እውነተኛው ዶሪ ከኒውፋውንድላንድ ወጣ ብሎ ባለው ግራንድ ባንክስ በሚባል የባሕር ክፍል ኮድ የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ ያገለግል ነበር። ታችኛው ወለሉ ጠፍጣፋ ነው። መቀመጫዎቹ ስለሚነቀሉ ትልቋ መርከብ ላይ ልክ እንደ ስኒ አንዱ በአንዱ ውስጥ ተደራርቦ ይጫናል። ዓሣ ያለበት ቦታ ሲደረስ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ ይወርዳል። ሞዴሉ ሎውል የሚል ስም ያገኘበት የሎውል ጀልባ መሥሪያ በ1793 አሜስበሪ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የተቋቋመ ሲሆን ዛሬም ጀልባ ይሠራበታል።

ዶሪው ትንሽ ቢሆንም የሚያስተምረው ትንሽ አይደለም። የሳንቃን ጠርዝ በሰያፍ መሞረድ፣ እንጨት ማጉበጥ፣ ግራና ቀኝን እኩል መጠበቅ፣ ማለስለስ፣ መቀባት፣ ሁሉም አለበት። ሳንቃዎቹ ቅርጻቸውን ይዘው በሌዘር ተቆርጠው ስለሚመጡ ከባዱ ስሌት ለኋላ ይቆያል። ደግሞም ያልቃል። የጨረሱትን ነገር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማየት ለሚቀጥለው ሥራ የሚሰጠውን ብርታት በምክር ልሰጣችሁ አልችልም።

ሁለተኛው የኖርዌይ ፕራም ነው፤ ስኬሉ 1:12፣ አንድ ደቀልና አንድ ሸራ አለው። ሦስተኛው በሜይን ግዛት መስኮንገስ ቤይ ይሠራበት የነበረ፣ ሎብስተር የተባለው ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ የሚጫንበት ጀልባ ነው፤ ሎብስተሩ በሕይወት ገበያ እንዲደርስ የባሕር ውኃ የሚገባበት ገንዳ ሆዱ ውስጥ ነበረው። ወደ ትልቅ መርከብ የሚያሻግረው እሱ ነው። በቅደም ተከተል ሥሯቸው።

ኪት መግዛት ይሻላል ወይስ ከባዶ መሥራት?

ኪት ማለት የተቆረጠው እንጨት፣ ክሩ፣ ትንንሹ ብረታ ብረትና ፕላኑ በአንድ ሳጥን የሚመጣበት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ኪት ይሻላል። ሳጥኑን ስትከፍቱ ምንም ነገር ከማጣበቃችሁ በፊት ዕቃውን ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሩ፤ መመሪያውንም ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። 10ኛው ገጽ ላይ የሚያስፈልግ ቀዳዳ በ3ኛው ገጽ ሥራ ሊዘጋ ይችላል።

1:24፣ 1:64 የሚባለው ምንድን ነው?

ስኬሉ ነው። 1:24 ማለት ሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲሜትር የሆነው እውነተኛው ጀልባ ላይ 24 ሴንቲሜትር ነው። ሁለተኛው ቁጥር ባነሰ መጠን ዕቃው ይተልቃል፤ ለጀማሪ ጣትም ይመቻል።

ሲገዙ የሚረሳው ነገር የቦታ ስሌት ነው። ብዙ ሰው የሚመኘውን የእንግሊዞች መርከብ ቪክቶሪን እንውሰድ። በ1765 ውኃ ላይ የወረደችው፣ በ1805 በትራፋልጋር ጦርነት የአድሚራል ኔልሰን ባንዲራ የተውለበለበባት፣ ዛሬ በፖርትስማውዝ የምትጎበኘው ናት። ወደ ፊት የሚወጣውን ግንድ ሳይጨምር ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ 69 ሜትር ገደማ ትሆናለች። በ1:72 ስትሠራ አካሏ ብቻ 96 ሴንቲሜትር ይመጣል፣ ቁመቷም ወደዚያው ይጠጋል። በአንድ መኝታ ቤት አፓርታማ የት ትቀመጣለች? እውነተኛዋ ላይ የተዘረጋው ገመድ ደግሞ ወደ 26 ማይል፣ በኪሎ ሜትር 42 ገደማ ነው የሚባለው። የዚያን ገመድ ትንንሽ ወኪሎች አንድ በአንድ የምታስሩት እናንተ ናችሁ።

ምን ምን መሣሪያ ልግዛ?

ከምታስቡት ያነሰ። ስለታም ካተርና ብዙ ትርፍ ምላጭ፣ ቀጫጭን ሞረዶች፣ ወረንጦ፣ የብረት ማስመሪያ፣ በእጅ የሚዞር ትንሽ መሰርሰሪያ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሆኑ ጫፎች ጋር፣ 120፣ 220 እና 320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት። ብርጭቆ ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ለጥፋችሁ ተጠቀሙበት፤ በጣት ብቻ ከተያዘ ጠርዙን ያዶለዱማል። ለመያዣ የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ሃያ ሠላሳ ያህል ይኑራችሁ። ብረቱን አውጥታችሁ እንጨቶቹን ገልብጣችሁ ብትመልሱት አፉ ጠፍጣፋ ይሆንና ሳንቃ ሳያቆስል ይይዛል። ጥሩ መብራት አትርሱ።

ምላጩን ቶሎ ቶሎ ለውጡ። የዶለዶመ ምላጭ ስለሚገፋ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት የሚያገኘው ጣት ነው።

የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለመጀመሪያው ጀልባ አያስፈልግም።

የትኛው ኮላ ነው ጥሩ?

አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጩ ወይም ቢጫው የእንጨት ኮላ። ሲደርቅ ከእንጨቱ ይልቅ ይጠነክራል፤ እስኪይዝ ደግሞ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። ከተሳሳታችሁ መገጣጠሚያውን በአልኮል ደጋግማችሁ ብታረጥቡት ኮላው ይለሰልስና ይላቀቃል። እኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ያ የመጀመሪያው መርከብ ሁለት ዓመት ባልተቀመጠ ነበር።

ሱፐር ግሉ ፈጣን ስለሆነ ያጓጓል፤ ግን ሦስት ችግር አለበት። የጠማማ ነገር ማቅኛ ጊዜ አይሰጥም፤ እንጨቱ ላይ ከፈሰሰ ቀለምና ቫርኒሽ ስለማያስገባ ቦታው ጠቆር ብሎ ይቀራል፤ ትነቱም ዓይንና ጉሮሮ ይቆጠቁጣል። ለክር ቋጠሮና ለብረት ዕቃ አስቀሩት፤ መስኮት ክፈቱ። የሱፐር ግሉ ማስለቀቂያው አሴቶን ነው።

ሳንቃዎቹ አፍንጫው ጋ ስደርስ ለምን ይነሣሉ?

እኔን ያስቆመኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ለማስረዳት ጊዜ ልውሰድ።

የመርከብ ሆድ መሃሉ ላይ ሰፊ፣ ጫፉ ላይ ጠባብ ነው። በትልልቅ መርከቦች ኪት ውስጥ የሚመጡት ሳንቃዎች ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ስፋት ያላቸው ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው። መሃሉን የሞላው የሳንቃ ብዛት ጫፉ ላይ ሊበቃው ቦታ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሳንቃ ወደ ጫፉ ሲሄድ መጥበብ አለበት። ሳታጠቡ በግድ ብታጎብጡት አንዱ ጠርዙ ተጣጥፎ ይነሣል፤ ኮላም ሆነ ሚስማር አይመልሰውም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ቀጭን ወረቀት መሃለኛው አጥንት (እንደ ጎድን ሆኖ ሆዱን የሚያቆመው እንጨት) ላይ ከላይ እስከ ታች ጠምጥማችሁ ርዝመቱን ለኩ። 90 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል፤ ሳንቃው 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው 18 ሳንቃ ይገባል ማለት ነው። አሁን አፍንጫው አጠገብ ያለውን አጥንት በተመሳሳይ ወረቀት ለኩ። 54 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለ18 አካፍሉት፤ 3 ሚሊ ሜትር ይመጣል። እንግዲህ እያንዳንዱ ሳንቃ መሃል ላይ 5፣ አፍንጫው ላይ 3 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በመካከል ላሉት አጥንቶችም እንዲሁ ለክታችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ሳንቃው ከግማሽ ስፋቱ በታች፣ እዚህ ላይ ከ2.5 ሚሊ ሜትር በታች፣ እንዲጠብ ስሌቱ ካስገደዳችሁ ግን ሁለቱን ሳንቃዎች ጫፍ ላይ በአንድ መተካት ይሻላል። ኋላው ላይ የተገላቢጦሽ ይሆናል፤ ቦታው ሲሰፋ በሁለት ሳንቃ መካከል ቀጭን ሽብልቅ ይገባል። እውነተኞቹ መርከብ ሠሪዎችም ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው።

ከዚህ በፊት መሠራት ያለበት ነገር አለ። አጥንቶቹ ከሌዘር ሲወጡ ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ሳንቃው ግን በሰያፍ ነው የሚያልፍባቸው። አንድ ሳንቃ ሳታጣብቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስተኙበትና እዩ። የአጥንቱን ጠርዝ በሙሉ ካልነካ፣ እስኪነካ ድረስ አጥንቱን ሞርዱ። አፍንጫው ጋ በአጥንቶቹ መካከል ለስላሳ የባልሳ እንጨት ሞልታችሁ ብትቀርጹት ሳንቃው የሚያርፍበት ያገኛል። ሳንቃ ስታለብሱ ደግሞ አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ እያላችሁ ሂዱ። አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ከዞራችሁ የመርከቡ አከርካሪ እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ ከዚያ በኋላ አይቃናም።

እንጨት ሳይሰበር እንዴት ይጎብጣል?

እንጨቱን የሚያለሰልሰው ከውኃው ይልቅ ሙቀቱ ነው። ቀጭኑን ሳንቃ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ ከዚያ ትኩስ ነገር ላይ ቀስ እያላችሁ ጠምዝዙት። እኔ የምጠቀመው አሮጌ ክብ የፀጉር መተኮሻ ነው። የፈለጋችሁትን ቅርጽ ሲይዝ በመቆንጠጫ ቦታው ላይ አስራችሁ እስኪደርቅ ተዉት። እርጥብ እንጨት አታጣብቁ፤ ሲደርቅ ስለሚኮማተር በሳንቃዎቹ መካከል ክፍተት ይፈጠራል።

ክሩና ገመዱ ያስፈራኛል።

ለዶሪው አያስፈልግም፤ ጊዜው ሲደርስ ትለምዱታላችሁ። ሁለት ዓይነት ገመድ እንዳለ ብቻ ያዙ። ደቀሉን አቁሞ የሚይዘውና የማይንቀሳቀሰው ገመድ ሬንጅ ስለሚቀባ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ነው። ሸራውን የሚስበውና የሚያወርደው ገመድ ግን የተፈጥሮ ቀለሙን እንደያዘ ይቀራል። የቆመው ይቀድማል። መርከበኞች የሚወጡባቸው የገመድ መሰላል እርከኖች በእውነተኛው መርከብ ላይ ከ33 እስከ 38 ሴንቲሜትር ይራራቁ ነበር፤ በ1:64 ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ወረቀት ላይ መስመር አስምራችሁ ከኋላው ብታስቀምጡ ዓይናችሁ አይሳሳትም።

የክሩን ፀጉር ለማስተኛት ጧፍ በሚሠራበት ዓይነት ንጹሕ የንብ ሰም ላይ ሳብ ሳብ አድርጉት። ቋጠሮውን በውኃ በቀጠነ ነጭ ኮላ አንድ ጠብታ ታጸኑታላችሁ።

ቀለም ልቀባው ወይስ እንጨቱ ይታይ?

የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ የተቀባ ነበር፤ ስለዚህ ቀለም አይነውርም። ውስጡን በቫርኒሽ ውጭውን በቀለም ማድረግም ያምራል። ቀለሙ ቀጭን ይሁን፣ በአንድ ወፍራም ፈንታ ሦስት ቀጭን እጅ ቀቡት። ብዙ ኪቶች ላይ የሚመጣው ባስውድ የተባለው ነጣ ያለ እንጨት ሲረጥብ ፀጉር ያወጣል፤ መጀመሪያ አንድ እጅ ማሸጊያ ቀቡ፣ ሲደርቅ በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ ከዚያ ቀጥሉ።

አዲስ አበባ ነኝ፤ ኪት ባላገኝስ?

ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ ዶሪው ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። ካልሆነ ከፕላን መጀመር ይቻላል፤ የዶሪ ዓይነት ጠፍጣፋ ወለል ያለው ጀልባ ለዚህም ይመቻል። አጥንቱን ከቀጭን ኮምፔንሳቶ ቁረጡ። ለሳንቃ ወደ አናጢ ቤት ሄዳችሁ ከመጋዝ የተረፈ የዝግባ ቁራጭ ጠይቁ፦ ጭረቱ ቀጥ ያለ፣ ገጹ ለስላሳ፣ በቀላሉ የሚሰነጠር ነው። ለዚህ ብላችሁ ግን ዛፍ አታስቆርጡ፤ ዝግባ ሊጠበቅ የሚገባው አገር በቀል ዛፍ ነው፣ ለእናንተ ደግሞ ክንድ የማትሞላ ቁራጭ ትበቃችኋለች። ለመቀመጫና ለመቅዘፊያ የዋንዛ ቁራጭ መልኩ ያምራል። ሳንቃው ከአጥንቱ ጋር የሚያያዝበትን የእንጨት ችንካር ከቀርከሃ አውጡ፤ እዚህም የምንጠቀመው ከቀርከሃ የተሠራ የሥጋ መጥበሻ እንጨት ነው።

የጣናን ታንኳ መሥራት እችላለሁ?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ደስ ይለኛል። ታንኳ የእንጨት ጀልባ ባይሆንም ለሞዴል የሚገባ ዕቃ ነው። ነገደ ወይጦና ሌሎች የጣና ዳር ነዋሪዎች ከደንገል እየጠቀለሉ ያሥሩታል፤ ጎኖቹን ጠቅልለው አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሡታል። ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ በ1969 ራ ብሎ የሰየመውን የደንገል መርከብ ከሞሮኮ ወደ አሜሪካ ሲያስነሣ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነበር።

በሞዴል መጠን ደንገሉን የሚተካው ስንደዶ ነው። እናቶቻችን ሰፌድና መሶብ የሚሰፉበት ያው ስንደዶ እርጥብ ሲሆን ሳይሰበር ይጎብጣል፣ ሲደርቅ ቅርጹን ይይዛል። በ1:20 አካባቢ ብትሠሩት ጥቅሉን ቀጫጭን አድርጉ። ባሕር ዳር ከሄዳችሁ ፎቶ አንሡ፣ በተለይ የታሰረበትን ቦታ ከቅርብ፤ ሲሠሩት ቆማችሁ የማየት ዕድል ካገኛችሁ ደግሞ አስፈቅዳችሁ ተቀመጡ።

ስንት ጊዜና ስንት ብር ይፈጃል?

ለዶሪው በሳምንት ሁለት ምሽት ብትቀመጡ ሁለት ወር ገደማ። ትልቅ ባለ ሦስት ደቀል መርከብ ዓመታት ይወስዳል። ለጀማሪ የሚሆኑት ትንንሽ ኪቶች በአብዛኛው ከ100 ዶላር በታች ናቸው፣ መሣሪያው ደግሞ አንዴ ከተገዛ ይቆያል።

ከልጆች ጋር መሥራት ይቻላል?

ይቻላል። ማለስለሱን፣ ኮላ መቀባቱን፣ መቆንጠጫ ማድረጉን ስጧቸው፤ ካተርና ሱፐር ግሉ ግን በትልቅ ሰው እጅ ይቆዩ። ስታለሰልሱ ሁላችሁም የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ። እኛ ቤት የመርከብ ክፍሎችን ስም ልጆቹ በአማርኛ የተማሩት ጠረጴዛው ላይ ነው፦ ደቀል፣ ሸራ፣ መቅዘፊያ፣ መልሕቅ። ደቀል የሚለውን ቃል መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡ አያቶች ወዲያው ያውቁታል፤ ልጁ ቃሉን ሲጠራ አያት ፊታቸው ሲበራ አይቻለሁ።

ጥሩ ሞዴሎችን በዓይኔ የማይበት ቦታ አለ?

ዋሽንግተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ላላችሁ፣ አናፖሊስ የሚገኘው የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ሙዚየም ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። ሄንሪ ሮጀርስ የተባሉ ሰብሳቢ ያወረሱት 108 የመርከብና የጀልባ ሞዴሎች አሉት፤ የሚወክሉት ከ1650 እስከ 1850 ያለውን ዘመን ነው። ግቢው ወታደራዊ ስለሆነ መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ።

ከሞዴሎቹ አንዳንዶቹ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦች በሚሠሩበት ዘመን በባለሙያ እጅ የተሠሩ ናቸው፤ የሆዳቸው ታችኛው ክፍል ሆን ተብሎ ሳንቃ ስላልለበሰ አጥንታቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። አንዳንዶቹን ደግሞ የሠሯቸው በናፖሊዮን ጦርነቶች ጊዜ በእንግሊዞች የተማረኩ እስረኞች ናቸው፤ ከምግባቸው የተረፈውን አጥንት እየሞረዱ። ያን ያህል መሣሪያ በሌለበት እስር ቤት ያን የመሰለ ሥራ መሠራቱን ሳይ እጄ ላይ ስላለው ካተር አመስግኛለሁ።

ሳንቃ የለበሱት ዘንድ ስትደርሱ ከመስተዋቱ ፊት ጎንበስ በሉና አንዱን ሳንቃ ከመሃል ጀምራችሁ በዓይን ተከተሉት። አፍንጫው ጋ ሲደርስ ምን ያህል እንደጠበበ ታያላችሁ።